የቀዶ ጥገናው ወረቀት ከእናትየው ጋር ይሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ ማህፀኗ በየት በኩል እንደተከፈተ፣ በምን ምክንያት እንደተከፈተና እንዴት እንደተሰፋ የሚገልጽ፣ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ወረቀት። እኔ ይህን ወረቀት የሚሰጠኝ አጥቼ፣ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬ እስኪገባ ድረስ በምጥ ልውለድ ወይስ ዳግመኛ በኦፕሬሽን የሚለውን መወሰን አቅቶኝ ከርሜያለሁ። በዚያ ላይ ወገቤ ጉዳተኛ ነው። የገጠመኝ ነገር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች እናቶች ጋር ስነጋገር ስለተረዳሁ፣ ሆስፒታል የሚመሩም፣ የሚያዋልዱም፣ የሚወልዱም ያንብቡት ብዬ ልኬዋለሁ።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ2012 ዓ.ም.፣ ገና በ34ኛው ሳምንት ነበር። ሌሊት የሽርት ውሃ ፈሰሰኝ፤ ከከተማችን ሆስፒታሎች በአንዱ ስንደርስ ልጁ በመቀመጫው መምጣቱ ታወቀ፤ ባለቤቴ ፈረመ፣ በወገቤ መርፌ ተሰጠኝ፣ 2 ኪሎ ከ100 ግራም የሚመዝን ወንድ ልጅም ተገላገልኩ። እኔንም ልጄንም ያተረፉንን ሰዎች ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ስወጣ የያዝኩት ወረቀት የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ነበረበት፤ ስለ ቀዶ ጥገናው ግን ልጁ በመቀመጫው በመምጣቱ በኦፕሬሽን መውለዴን ከሚገልጽ ግማሽ መስመር በቀር የሚናገረው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም ስለሆነ ውስጡም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። የቆዳው ጠባሳ ስለ ማህፀኑ ጠባሳ ምንም እንደማይናገር ያወቅሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ወገቤን የጎዳሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ከሳቢያን ወደ ከዚራ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ የገባች ፍየል እንዳይገጭ ሲጠመዘዝ ተገለበጠና በመቀመጫዬ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አረፍኩ። ሹፌሩ «ተነሺ አቦ፣ ምንም አልሆንሽም!» እያለ ክንዴን ሲስብ ግራ እግሬ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር። መጀመሪያ የተወሰድኩት ወጌሻ ዘንድ ነው። ታሽቼ ባሰብኝ። (ስለ ወጌሻ ክፉ መናገር አልሻም፤ ለወለምታ ስንቱን አቁመዋል። የነርቭ ጉዳይ ግን የእነርሱ አይደለም።) በኋላ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ሄጄ የተነሳሁት ኤም አር አይ፣ በመጨረሻው የወገብ አከርካሪና ከሥሩ ባለው የዳሌ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ እንደተጫነ አሳየ። ኦፕሬሽን አላስፈለገኝም፤ በፊዚዮቴራፒ ተሻለኝ። ሆኖም እስከ ዛሬ ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ቆሜ ካስተማርኩ ሦስተኛውን የማስተምረው ወንበር ይዤ ነው።

ሁለተኛውን ባረገዝኩ ጊዜ ያወቀ ሁሉ ፍርዱን ሰጠ። ሐረር ያሉት አማቴ «ልጄ፣ የተሰፋ ከረጢት እህል አይቋጠርበትም፤ ተኝተሽ አስወጪው» አሉኝ። ክትትል የጀመርኩበት ቦታ ያገኘኝ ሐኪምም ከካርዴ ቀና ሳይል «ማህፀንሽ ተቀዷል፣ ወገብሽም ተጎድቷል፤ ምን አደከመሽ? ቀን እንቆርጥልሻለን» አለኝ። ምናልባት ትክክል ነበር። እኔን ያልተዋጠልኝ ግን ሁለቱ ነገሮች እንደ አንድ ሸክም ተጠቅልለው መቅረባቸው ነው። የማህፀን ጠባሳ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ወገብ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሚመልሷቸው ባለሙያዎችም ይለያያሉ። ተደምረው ሲቀርቡ ግን አንዱም ሳይጠየቅ ሁለቱም የተመለሱ ይመስላል።

በወገቤ ልጀምር፤ የእሱ መልስ ቀድሞ ተገኝቷልና። የተንሸራተተ ዲስክ ብቻውን በቀዶ ጥገና ለመውለድ ምክንያት እንደማይሆን ያስረዳችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ናት። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በእግሮች መካከል፣ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ሁለቱ እግሮች ከዛሉ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መገኘት ያስፈልጋል። እኔ እነዚህ አልነበሩብኝም። ለምጡ የመከረችኝ ደግሞ በጀርባ ተንጋልሎ፣ እግር ተሰቅሎ ብዙ መቆየት እንደማይስማማኝ፣ በጎን ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ ማማጥ እንደሚሻለኝ፣ ትንፋሽን አፍኖ ረጅም ጊዜ መግፋት ዲስክ ላይ ጫና ስለሚፈጥር እየተነፈሱ በአጭር በአጭሩ መግፋት እንደሚበጅ ነው። ይህ የተለየ ውለታ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናት የምትወልድበትን አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ፣ የምትፈልገው ሰውም አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል።

ቀዶ ጥገና ወገብን ያሳርፋል የሚለውም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ወልጄ ስነሳ ሆዴ ስለተሰፋ ከአልጋ የምነሳው በክንዴና በወገቤ ነበር፤ ልጅ የማነሳው፣ ጎንበስ ብዬ የማጠባው ሁሉ በወገቤ ነበር። ያኔ ወገቤ ጤነኛ ነበር።

የቀረው የመርፌው ነገር ነው። በእኛ አገር ሴት ወልዳ ወገቧን ባመማት ቁጥር «የወገብ መርፌው ነው» ይባላል። አማቴ እንኳ ባጃጁ መገልበጡን እያወቁ «መርፌው አላልቶት ነው እንጂ ያን ያህል አይጎዳሽም ነበር» ይሉኛል። መርፌው ለቀናት የሚቆይ ብርቱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ የዕድሜ ልክ የወገብ ሕመም ያመጣል የሚለውን ግን ጥናቶች አልደገፉትም። የእኔ ፍርሃት በሌላ በኩል ነበር፤ በምጥ ጀምሬ በመሐል ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገኝ፣ በተጎዳ ወገብ መርፌው ይገባል ወይ የሚል። ይህን የመለሰልኝ የሰመመን ባለሙያ ነው፤ በኋላ የያዘችኝ የማህፀን ሐኪም ስለላከችኝ እንጂ ነፍሰ ጡር የቀዶ ጥገና ቀን ሳይቆረጥላት የሰመመን ባለሙያ እንደምታማክር አላውቅም ነበር። አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ትራስ አሳቀፈኝ፤ በሁለት እጁ የዳሌዬን አጥንት ጫፍ ከግራና ከቀኝ ያዘና አውራ ጣቶቹን ወደ መሐል አገናኝቶ አከርካሪዬን አንድ በአንድ እየዳበሰ ቆጠረ። ጣቱ ቆመ። «ቲቸር፣ መርፌው የሚገባው እዚህ ነው። ዲስኩ የተንሸራተተው ከዚህ በታች ነው፤ ኅብለ ሰረሰር ደግሞ ከዚህ በላይ አልቋል። ወገብሽ ተቀዶ ብረት ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር» አለኝ። ይህንኑ በሁለት መስመር ካርዴ ላይ ጻፈው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለአምስት ወር እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነበር።

የማህፀኑ ጥያቄ ግን በዳሰሳ የሚመለስ አልነበረም። «አንዴ በቀዶ ጥገና የወለደች ሁልጊዜም በቀዶ ጥገና» የሚለውን ቃል በ1916 እ.ኤ.አ. የጻፈው ክራጊን የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም ነው። ነገሩን ያነሳው የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በዋዛ እንዳይሠራ ለማስጠንቀቅ ነበር። በዚያን ዘመን ማህፀን የሚከፈተው ከላይ፣ ወፍራሙ ጡንቻ ላይ፣ በቁም ስለነበረ ስጋቱ ልክ ነበር። በኋላ ግላስጎው ውስጥ ሙንሮ ኬር የተባለ ሐኪም በማህፀኑ የታችኛው ስስ ክፍል ላይ በአግድም መክፈትን አስፋፋ፤ ይህ ጠባሳ ምጥን የተሻለ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አብዛኛው ቀዶ ጥገና የሚሠራው እንዲህ ነው። ጠባሳዋ የታችና አግድም የሆነ እናት በምጥ ብትሞክር ማህፀኗ የመተርተር አደጋው ከ1,000 እናቶች ከ5 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ የሚደርስ ነው፤ በምጥ ከሚሞክሩት ደግሞ ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ጠባሳው የላይና የቁም ከሆነ ግን አደጋው ከ100 እናቶች እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ሊደርስ ስለሚችል ምጥ አይመከርም። መተርተር ማለት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ልጅንም እናትንም ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጉዳዩን ትንሽ ማድረግ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የጠባሳው ዓይነት አለመታወቁ ብቻውን ምጥን አይከለክልም፤ አግድም ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። የእኔን ጥርጣሬ ያከበደው ልጄ ያለ ጊዜው፣ በዚያም ላይ በመቀመጫው መምጣቱ ነው። በዚያ ዕድሜ የማህፀኑ የታችኛው ክፍል በቅጡ ሳይሳሳ ስለሚቀር አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በቁም ለመክፈት ይገደዳል። የማህፀን ሐኪሜ ይህን ካስረዳችኝ በኋላ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «የኦፕሬሽኑን ማስታወሻ ካመጣሽልኝ በምጥ ለመሞከር ጥሩ ዕጩ ነሽ፤ የመጀመሪያው ምክንያት የልጁ አመጣጥ እንጂ የአንቺ ዳሌ አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በላይም ሆኖታል። ካላመጣሽልኝ ግን ባትሞክሪ እመርጣለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ምርጫው በእኔም በእሷም እጅ አልነበረም፤ አቧራ የጠጣ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ወደወለድኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያ ቀን የካርድ ቁጥሬን ጠየቁኝ፤ አልነበረኝም። ሁለተኛ ቀን በስሜ ተፈልጎ የሌላ ሴት ካርድ መጣ፤ ስማችን እስከ አያት አንድ ነው፣ እሷ ግን አምስት ልጅ ወልዳለች። ሦስተኛ ቀን የ2012 ካርዶች ወደ ሌላ ክፍል መዛወራቸው ተነገረኝ። በአራተኛው ቀን በመስኮቱ በኩል «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ እዚያ ተቀጥሯል። ሸሚዙን ሰብስቦ መሰላል ላይ ወጣ፤ በሲባጎ የታሰሩ ካርዶችን እያወረደ፣ እያራገፈ፣ እያነበበ አንድ ሰዓት ያህል ቆየና ጠርዙን አይጥ የበላው ካርድ ይዞልኝ ወረደ። የኦፕሬሽኑ ማስታወሻ ውስጡ ነበር። ሐኪሟ አነበበችው፤ የታችኛው ክፍል፣ አግድም፣ በሁለት ረድፍ የተሰፋ፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ያልተቀደደ። አራት መስመር ነው። ያን ልጅ ባላስተምረው ኖሮ ያ ካርድ ይገኝ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ የድሬዳዋ እናት ሁሉ ካርድ ክፍል ውስጥ የቀድሞ ተማሪ የላትም።

ከዚያ በኋላ መወሰኑ ከባድ አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ገና አንድ ሁለት ልጅ እንፈልጋለን፤ ቀዶ ጥገና በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የእንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረቱ አደጋ ይጨምራል። የእንግዴ ልጁ ታች ተቀምጦ መውጫውን ከሸፈነ ይህ የሚደርሰው በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከ100 በ11፣ በሦስተኛው በ40 እናቶች ላይ ነው። ስለዚህ ምጤ በራሱ ከመጣ ልሞክር፣ ካልመጣ በኪኒን እንዲመጣ እንዳይደረግ፣ ቀኑ ካለፈ ቀዶ ጥገናው እንዲሠራልኝ ተስማማን። (ምጥ ለማስጀመር የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የቀዶ ጥገና ጠባሳ ላላት፣ ቀኗ ለደረሰ እናት አይሆንም፤ ይህን እኅቶቼ በቃላቸው ቢይዙት እወዳለሁ።) አማቴ መጥቼ እንድታረስ ሐረር ጠርተውኝ ነበር። ሐረር ከእኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆስፒታልም አያጣም። ነገር ግን ጠባሳ ያለው ማህፀን ይዤ፣ ምጥ ጀምሮኝ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ በመኪና መውጣት አልፈለግሁም። የኦፕሬሽን ክፍል ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራበት ቦታ አጠገብ መሆን ከገንፎው ይቀድማል አልኳቸው፤ ተቀየሙ፣ በኋላ ገንፎውን እሳቸው ይዘው መጡ።

ምጤ በ40ኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ በጥር ወር ሌሊት መጣ። የልጁን የልብ ምት ቶሎ ቶሎ ያዳምጡ ነበር፤ ጠባሳው ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቀው የልጁ ልብ ነውና። መግፋት ስጀምር ተረኛዋ አዋላጅ፣ እንደ ልማዱ፣ በጀርባዬ እንድተኛ አዘዘችኝ። በዚያ ሰዓት ስለ ዲስክ የማስረዳበት አፍ አልነበረኝም፤ «ማርያም ማርያም» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም ነበር። ባለቤቴ ካርዱን ገልጦ አሳያት። ሐኪሟ በትልልቁ «በግራ ጎኗ ትውለድ፤ እግሯ አይሰቀል» ብላ ጽፋበት ነበር። አዋላጇ አነበበች፣ ለአፍታ ዝም አለች፣ ከዚያ «እሺ እናቴ፣ ወደ ጎን ዙሪ» አለችኝና የላይኛውን እግሬን ራሷ ደገፈችው። 3 ኪሎ ከ200 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ወለድኩ። ግራ እግሬ ሁለት ሳምንት ያህል አመመኝ፤ ከበፊቱ አልባሰም።

ይህን ስል በምጥ መውለድ ከኦፕሬሽን ይበልጣል እያልኩ እንዳይመስል እሰጋለሁ። በዚያው ሌሊት አጠገቤ ከጀልዴሳ በኩል የመጣች ወጣት እናት ነበረች፤ የመጀመሪያዋን በሌላ ከተማ በኦፕሬሽን፣ እንደ እኔው ያለ ጊዜዋ ወልዳለች። ማህፀኗ እንዴት እንደተከፈተ የምታውቀው ነገር የለም፤ ይዛ የመጣችውም ወረቀት የለም። እንደገና ቀደዷት። ሐኪሞቹ በያዙት መረጃ ትክክለኛውን አድርገዋል፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሌላ አላደርግም። የሚቆጨኝ የያዙት መረጃ ባዶ መሆኑ ነው። ጠባሳዋ በእርግጥ የቁም ከነበረም እሷ ራሷ ልታውቀው ይገባ ነበር፤ ሦስተኛውን ስታረግዝ ምጥ እስኪመጣ ቤቷ መጠበቅ የለባትምና፣ ቀኗ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ገብታ መቆየት ያለባት እሷ ናት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ቀዶ ጥገና የሠራ ሐኪም ለካርዱ ማስታወሻ መጻፉ አይቀርም፤ ከዚያው ላይ የማህፀኑ አከፋፈት፣ ምክንያቱ፣ የገጠመ ችግር ካለና ለቀጣዩ እርግዝና የሚመክረው ተገልብጦ ለእናትየው ይሰጥ። በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ግድ የለኝም፤ የሚያነብላት ሐኪም ታገኛለች። የሥራ ብዛት አለ እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ አራት መስመር ለመገልበጥ የሚጠፋው ጊዜ ግን እኔን አራት ቀን ካርድ ክፍል ካቆመኝ ጊዜ ያነሰ ነው። «ቢሰጣቸውም ይጥሉታል» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ያገኛችኋትን እናት የልጇን የክትባት ካርድ የት እንዳስቀመጠች ጠይቋት፤ ከሣጥኗ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልላ አኑራዋለች። ቀዶ ጥገናውም እዚያው ካርድ ላይ ይጻፍ። የወገብ፣ የዳሌ ወይም የነርቭ ጉዳት ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ ምጥ ሳይይዛት በፊት፣ በክትትሏ መሐል፣ አንድ ጊዜ ከሰመመን ባለሙያ ጋር ትገናኝ፤ የተነጋገሩትም በካርዷ ላይ ይስፈር። ሁለቱም አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቁ አይደሉም።

የእኔን የኦፕሬሽን ማስታወሻ ኮፒ ከወንዱ ልጄ የክትባት ካርድ ጀርባ በስቴፕለር አያይዤዋለሁ። ሐኪሟ ከሥሩ በገዛ እጇ ሁለተኛዋን በምጥ መውለዴን ከነቀኑ ጨምራበታለች፤ ለሦስተኛው የሚረዳኝ ይኸኛው መስመር ነው ብላኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ከድሬዳዋ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)